አሥራ አንድ እጥፋት

ወረቀት አይዋሽም። ሰው ይዋሻል፣ ብዕርም ይዋሻል፤ ወረቀት ግን የደረሰበትን ሁሉ ገላው ላይ ይዞ ይኖራል። መጽሐፍ ጠራዧ ይህን የምታምነው ከጸሎቷ ባልተናነሰ ነበር። ስለዚህ ሰባተኛው ደብዳቤ ሲደርሳት ከማንበቧ በፊት ፊትና ጀርባውን አገላበጠችው፣ መስኮቱ ሥር ወስዳ በብርሃን አየችው፣ ከዚያም እጥፋቶቹን በጥፍሯ አንድ በአንድ ቆጠረች።

“አሥራ አንድ!” አለች ጮክ ብላ።

“ምኑ?” አሉ አጎቷ፣ ከሙጫው ቆርቆሮ ላይ ቀና ሳይሉ።

“እጥፋቱ ነዋ ጋሼ! ፖስታ ውስጥ የሚገባ ወረቀት ቢበዛ ሁለት ጊዜ ይታጠፋል። ይሄ ግን ጣት በማይሞላ ስፋት እየታጠፈ እየታጠፈ ሄዶ፣ እንደገና ተዘርግቶ ነው የተላከው። እንዲህ አድርጎ የሚያጥፍ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?”

“ሥራ የፈታ።”

“የሚደብቅ ሰው ነው! ኪሱ ጥግ፣ ካልሲው ውስጥ፣ የኮቱ ገበር ሥር የሚወሽቅ።”

አጎቷ ሙጫውን ማማሰል ቀጠሉ። የኮት ገበር የምትለው ከየት እንደመጣ ያውቃሉ። ልጅቱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች፣ ረጅም መንገድ የሚነዳው አባቷ ኮቱን ለስፌት ጥሎ ወጣ። እሷ የተቀደደውን ገበር ልትሰፋ እጇን ስታስገባ፣ እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥኖ የታጠፈ ደብዳቤ አገኘች። ማንበብ በቅርቡ ነበር የተማረችውና ደስ ብሏት ለእናቷ ጮክ ብላ አነበበችላት። ደብዳቤው በሌላ ከተማ ካለች ሌላ ሚስት ነበር። እናቷ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም፤ አባትየውም ወደዚያኛው ቤት እንደሄደ ቀረ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ይህቺ ልጅ ግን የእባቡን ጉድጓድ በገዛ እጇ የዳበሰች ናት።

ሰፈሩ “መርፌ” ይላታል፤ አንድም ለሥራዋ፣ አንድም ለምላሷ።

የጥረዛ ክፍሉ ከመንገዱ በታች ስድስት ደረጃ ወርዶ ነው። በአንዲቷ መስኮት የሚታየው የመንገደኛ ጫማ ብቻ ስለሆነ፣ መርፌ የሰፈሩን ሰው በፊቱ ሳይሆን በተረከዙ ነው የምታውቀው። መሐንዲሱንም መጀመሪያ ያየችው እንደዚያው ነበር፤ የግራ ተረከዙ ወደ ውጭ የተበላ ቡናማ ጫማ ደረጃውን በሁለት እርምጃ ወርዶ፣ የሚጠረዙ ንድፎች ታቅፎ ገባ። ሥራው አልቆ ሊወስድ ሲመጣ ጥራዙን ከሩቅ አይቶ፣ “ይሄኛው ጥግ የፀጉር ያህል ዘምሟል” አላት። ተናዳ ለካችው። የፀጉር ያህል ዘምሞ ነበር።

“ዓይኔ ውሃ ልክ ነው፤ ሳልለካ አየዋለሁ” አለ፣ ደረቱን ነፋ አድርጎ።

ትዕቢቱ አናደዳት፤ ዓይኑ ግን ልቧ ውስጥ ቀረ። ያ ዓይን በሚቀጥለው ሳምንት ያለ ንድፍ መጣ፣ በሚቀጥለውም። በዓመቱ ስለ ጋብቻ ማውራት ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው የዳኛው ባለቤት፣ የመሐንዲሱ እናት፣ ደረጃውን ወርደው የመጡት። ወንበር ቢቀርብላቸው አልተቀመጡም። “ክፉ ልጅ እንዳልሆንሽ ሰምቻለሁ። ግን ልጄ የተማረ ሰው ነው፣ አንቺ ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁመሻል። ሁሉም ነገር ልክ ልክ አለው” ብለዋት ወጡ። ወዲያው መሐንዲሱ ሩቅ አገር ለድልድይ ሥራ ተላከ። “እናቴ ያዘገየችው እንደሆን እንጂ አታስቀረውም። እጽፍልሻለሁ” ብሏት ሄደ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደብዳቤዎች ምን የመሰሉ ነበሩ! የወንዙ ውሃ ጠዋት ምን እንደሚመስል፣ ሲደፈርስ እንዴት እንደሚቀላ፣ የግንበኞቹ ቆብ ከላይ ሲታይ። ከአራተኛው ጀምሮ ግን ነገሩ ተበላሸ። ፊደሉ እንደ ጀማሪ ተማሪ ጽሑፍ ተለቀ፣ ቃላቱ አነሱ፣ ወረቀቱም መታጠፍ ጀመረ። ፎቶ ተነስታ ልካለት፣ “እንዴት ሆንኩ?” ብትለው፣ “የላክሽው ደርሶኛል፤ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው” ብቻ። ስለ መልኳ አንዲት ቃል የለም። በአምስተኛው፣ “እባክሽ በወፍራም ብዕር፣ በትልልቁ ጻፊልኝ” አላት። ይሄኛው አጥንቷ ድረስ ገባ። ለስምንተኛ ክፍል ልጅ የእጅ ጽሑፏን ማረም! ለዚያውም ብቻውን ሳይሆን፣ አጠገቡ ተቀምጣ ከምትስቅ ከአንዲት ጋር ሆኖ። እንደዚያ ነው የታያት። ቢሆንም በወፍራሙ ጻፈችለት፣ እየተቃጠለች።

አሁን ደግሞ ሰባተኛው። እጥፋቱን ቆጥራ ስትጨርስ አነበበችው።

“መርፌዬ፣ ደህና ነኝ። ዛሬ ዝናቡን ሰማሁት፤ መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ፣ ቀጥሎ ቅጠሉ ላይ። የምነግርሽ ነገር አለ። አቅም እስካገኝ ታገሺኝ።”

ከዚያ ፖስታውን አነሳች። ማህተሙን አየች። የዚሁ ከተማ ማህተም ነበር። ሰውየው እዚሁ ነው! እዚሁ ተቀምጦ፣ ሃያ ደቂቃ በማይሞላ መንገድ ላይ ሆኖ፣ እንደ ሩቅ ሰው ደብዳቤ ይልክላታል።

“ጋሼ፣ መጥቷል። መጥቶ ተደብቆብኛል።”

“አሞት ይሆናል።”

“ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! እርስዎም ያውቁታል።”

ነገር ሲመጣ ተጠራርቶ ነው። በዚያው ቀን ወረቀት የሚያቀርብላቸው ሰውዬ ጥቅሎቹን እያወረደ፣ “ያ መሐንዲስሽ ከመጣ ሦስት ሳምንት አለፈው አይደል? ትናንት ከመኪናዬ ሆኜ ከኋላው አየሁት” አላት።

“ብቻውን?”

ሰውዬው አፉን ያዘ። ሰው አፉን ሲይዝ ደግሞ መልሱ ወጥቷል ማለት ነው።

“ከሴት ጋር” አለ በመጨረሻ። “ፊቷን አላየሁም፤ ረዘም ያለች፣ ጃንጥላ የያዘች። ክንዷን ይዞ ቀስ፣ ቀስ፣ እንደ ሙሽራ...”

መርፌ አላለቀሰችም። ካላት ብዕር ሁሉ ቀጭኑን መረጠች፤ የዳር ማስታወሻ የምትጽፍበትን፣ ጫፉ እንደ ትንኝ አፍ የሆነውን። ወፍራም ነበር ያማረህ? ብላ በልቧ፣ ፊደሎቿን እንደ ጉንዳን ደረደረቻቸው።

“ስትደበቅ አግኝቼሃለሁ። ክንዷን ይዘህ ስትሄድ ታይተሃል። አባቴን አንድ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንተን ደግሞ አላነብህም። ሌላ ደብዳቤ እንዳትልክ። ለእናትህም እንደ ልክህ ማግኘትህን ንገርልኝ።”

አንድ ጊዜ ብቻ አጥፋ፣ በእናቱ ቤት አድራሻ፣ ፖስታ ቤት ወሰደችው። ስትመለስ እጇ አላርፍ አለ። መጭመቂያው ውስጥ ትናንት ማታ የገባ ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረ፤ ከቤተ ክርስቲያን የመጣ፣ ጀርባው የወለቀ። እስከ ነገ መቆየት ነበረበት። እሷ ግን ብሎኑን ፈትታ አወጣችው። ሙጫው ገና እርጥብ ነበርና ሽፋኑ እጇ ላይ እያለ እንደ ጀልባ ተቆለመመ።

አጎቷ መጥተው አዩት። ይቆጣሉ ብላ ጠበቀች፤ አልተቆጡም። በቀኝ እጃቸው በቀሩት ሦስት ጣቶች ሽፋኑን ደባበሱት።

“የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” አሉ። “አየሽ፣ ይሄ መጽሐፍ አፍ ቢኖረው መጭመቂያ ውስጥ ሳስገባው ይሰድበኝ ነበር። ምን በደልኩህ፣ ለምን ታስጨንቀኛለህ ይለኛል። ጠልቼው ግን አይደለም፤ ቀጥ ብሎ እንዲኖር ነው። እኔም ማሽኑ ሁለት ጣቴን የወሰደ ጊዜ እግዚአብሔርን የማይነገር ነገር ነግሬዋለሁ። እጄ ሙሉ ሳለ ግን ሠራተኞቼን አንድ ቀን ‘እባካችሁ’ ብያቸው አላውቅም። ክር እንኳ ብቻዬን መቋጠር ሲያቅተኝ ነው ‘እባካችሁ’ ማለት የተማርኩት።”

“የኔ ነገር ከጣት ጋር ምን አገናኘው ጋሼ?”

“ምንም። መጽሐፉን ፈትተሽ እንደገና ጥረዢው ማለቴ ነው።”

ፈታችው። ሁለት ቀን ሙሉ አጎንብሳ ስትሰፋ፣ በእያንዳንዷ ስፌት አንድ ማስረጃ ትወጋ ነበር፤ እጥፋቱን፣ ማህተሙን፣ ክንዱን። ክሱ ሞላ፣ ፍርዱም ተሰጠ። ደረቷ ውስጥ ግን ምስክር ሆኖ ያልተጠራ አንድ ነገር “ዝናቡን ሰማሁት” እያለ ያንኳኳባት ነበር። እሱ ዝናብ ያያል እንጂ መቼ ይሰማል? ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ በሩን ዘጋችበት።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በመስኮቱ ያ ቡናማ ጫማ መጣ።

የግራው ተረከዝ አሁንም ወደ ውጭ የተበላ ነው። አጠገቡ ጥቁር የሴት ጫማ አለ፤ የጃንጥላ ጫፍ መሬቱን ነክቷል። ጫማዎቹ ደረጃው አፍ ላይ ቆሙ። ቡናማው ወደፊት ዘረጋ አለ፣ አመነታ፣ የደረጃውን ጠርዝ ነካ ነካ አደረገ። ድሮ በሁለት እርምጃ የሚወርደው ሰው! ኃጢአት እግር ይይዛል አለች በልቧ።

“መጣ ጋሼ። ከነሴትዮዋ መጣ! አይግባ!”

“በር ላይ የቆመ ሰው ጠላትም ቢሆን ግባ ይባላል” አሉ አጎቷ፣ ሄደውም ከፈቱ።

ሴትዮዋ እናቱ ነበሩ።

መርፌ ለአፍታ ባዶዋን ቀረች። ከዚያ ጥርጣሬዋ ሌላ ኮት ለብሶ ተመለሰ። ገባኝ! ሌላ ሴት የለችም፤ ለእናቱ አደረ። ሊያሰናብተኝ እናቱን አስከትሎ መጣ። ቀና ብላ አየችው። ከስቷል። ያ ውሃ ልክ ዓይኑ እሷን ትቶ ትከሻዋን፣ ከትከሻዋም ወዲያ መደርደሪያውን ያያል።

“መርፌዬ” አለ።

“አፍረህ ትከሻዬን ታናግራለህ? እንደ ወንድ ዓይኔን እያየህ ንገረኝ!”

የዳኛው ባለቤት አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። እሱ ግን ፈገግ አለ፤ ፈገግታው አሳዘናት፣ ማዘኗም አናደዳት።

“ዓይንሽን ካየሁት ትጠፊብኛለሽ” አለ ቀስ ብሎ። “ፊት ለፊት ያየሁት ነገር ሁሉ ይጠፋል። ትከሻሽን ሳይ ነው ፊትሽ ከዳር ትንሽ ብቅ የሚልልኝ። አሁን እያየሁሽ ነው። ማየት የምችለው እንዲህ ብቻ ነው።”

“ምን... ምን እያልክ ነው?”

እጁ ጠረጴዛውን እየዳበሰ ሄዶ ወረቀት ማጠፊያ አጥንቷን አገኘ፤ ሌላው እጁ አንድ ነጭ ወረቀት። ወረቀቱን በጣት ስፋት አጠፈ፣ በአጥንቱ ጫነው፣ እንደገና አጠፈ፣ ጫነው። አሥራ አንድ ጊዜ። ከዚያ ዘረጋውና የግራ አውራ ጣቱን የመጀመሪያው እጥፋት ላይ አሳረፈ።

“ጣቴ እዚህ ይቆማል። ብዕሩ ከጣቴ በላይ ይሄዳል። መስመሩ ሲያልቅ ጣቴ አንድ እጥፋት ይወርዳል። እንደዚህ ካልሆነ አንዱ ቃል ሌላው ላይ ይወጣብኛል።”

መርፌ ወረቀቱን አየች። በእጇ ስንት ሺህ ወረቀት ያጠፈች ሴት፣ እጥፋት ለመደበቅ ብቻ ሳይሆን ለመንገድም እንደሚሆን አንድም ቀን አላሰበችም። በርጩማው ላይ ዘፍ አለች። ያ ሁሉ የደረደረችው ክስ ከሥሩ ተናደ። ደረት ኪሱ ውስጥ ያለው ፎቶ ታሰባት፤ ሊያየው ያልቻለው።

“ወፍራም ብዕር ያልከኝም...”

“ላነብሽ ነበር። ራሴ፣ ያለ ማንም።”

“የመጨረሻውንስ? ያን በቀጭኑ የጻፍኩትን ማን አነበበልህ?”

“እኔ” አሉ እናቱ።

መርፌ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

“በአጉሊ መነጽር ነው ያነበብኩት” አሉ ሴትዮዋ። ዛሬ ሳይጋበዙ ተቀመጡ። “ልንገርሽ ልጄ። ከአንቺ እንዲለየው እግዚአብሔርን አንድ ዓመት ሙሉ ለምኜዋለሁ። እንደ ልመናዬ ሆኖ ደብዳቤሽ እጄ ገባ። አነበብኩለት። ስጨርስ ልጄ፣ ‘እማዬ፣ እንደገና አንብቢልኝ፣ ድምጿ አለበት’ አለኝ። ሁለተኛ ጊዜ ማንበብ አቃተኝ። የጠየቅኩት ነገር ተሰጥቶኝ አፌ ላይ መረረኝ። ክንዴን ይዞ መሄድ ከጀመረ ወዲህ እኔም ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሰው ደግሞ ያለፈውን ሁሉ ያያል። አንቺን እዚህ ክፍል ውስጥ አቁሜ የተናገርኩሽን አየሁት። ይቅር በይኝ።”

መርፌ ራሷን ዝቅ አድርጋ ይቅርታውን ተቀበለች። ጥርጣሬ ግን በአንድ ቀን የሚለቅ ቀለም አይደለም፤ ወደ እሱ ዞረች።

“ደበቅከኝ” አለች። “እጥፋቱን ተሳሳትኩ፣ ሴትዮዋን ተሳሳትኩ። መደበቅህን ግን አልተሳሳትኩም። ስለ አባቴ የነገርኩህ አንተን ብቻ ነው። እያወቅክ ደበቅከኝ!”

“አዎ” አለ። ራሱን አልተከላከለም። “ፈርቼ ነው። ከንፈር መጥጠሽ እንድታገቢኝ አልፈለግኩም።”

“እኔ? እኔ ነኝ ለሰው የምራራው? ሰፈሩን ጠይቅ!”

አጎቷ ሳል መጣባቸው፤ ሳቅ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። መሐንዲሱም ሳቀ፣ ሳቁ መሃል ላይ ግን ተሰበረ።

“ኩራትም ነበረበት” አለ። “የዓይኔ ነርቭ እየሞተ መሆኑን ሐኪሞቹ ሲነግሩኝ አራት ወር እግዚአብሔርን ኮነንኩት። ድሮ ስጸልይ ግንበኛ እንደማዝዝ ነበር፤ ይሄን እዚህ፣ ያንን እዚያ። አሁን መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው ነው የምጸልየው። ዓይኔን ለምን እንደወሰደው አላውቅም፣ አውቃለሁ የሚለኝንም አላምነውም። ግን በጠበበው ውስጥ ብቻዬን አልተወኝም። እዚያ ድልድዩ ላይ ቀን ቀን እጄን ይዘው የሚያሻግሩኝ ሠራተኞች ነበሩ። ዓይን ሳለኝ ቆባቸውን ነበር የማየው፤ አንዳቸውንም በስም አላውቅም ነበር። ዛሬ ሁሉንም በድምፃቸው አውቃቸዋለሁ፣ የማን ልጅ ጥርስ እንዳወጣ ሳይቀር። ይሄን ሳይጨንቀኝ አልማረውም ነበር መርፌዬ። ከምታምኚው በላይ ደንቆሮ ነበርኩ።”

ወደ ድምጿ ትንሽ ጠጋ አለ።

“ዝናቡን የጻፍኩልሽ ለዚያ ነው። የምሰጥሽ ሌላ ነገር ስላልቀረኝ።”

ከእንግዲህ ማልቀሷን ማንም አላስቆመውም። አለቀሰች፣ ድምጿን አውጥታ፣ የዘጠኝ ዓመቷን ልጅም ጨምራ። እንባዋን በሙጫ በነካካ ክንዷ ጠራርጋ ተነሳችና እሱ ያጠፈውን ወረቀት ከፊቱ ወሰደች።

“ምን ልታደርጊ ነው?” አለ።

“ዝም በል። እየሠራሁ ነው።”

ወፍራም ጨርቅ ዘረጋች፣ ወረቀቱን በጀርባው አስተኛችና ወስፌዋን አነሳች። የመጽሐፍ ርዕስ በናስ ፊደል ስታትም የኖረች ስለሆነች፣ ፊደል ተገልብጦ እንዴት እንደሚቆም እጇ ያውቃል። ወጋች፣ ወጋች፣ ወጋች። የዳኛው ባለቤት ከወንበራቸው ተነስተው መጡ፤ አጎቷ ሙጫቸው እሳት ላይ መሆኑን ረሱ። ስትጨርስ ወረቀቱን ገልብጣ ጣቱን ያዘችና ከመጀመሪያው ፊደል ላይ አኖረችው። ነጠብጣቦቹ ከወረቀቱ ላይ ብቅ ብቅ ብለዋል።

“አ...” አለ። “ት... ቆይ፣ ቆይ። ደ... ብ...”

ጣቱ ቆመ። ተመለሰ። እንደገና ሄደ።

“አትደብቀኝ” ሲል አነበበ።

“አዎ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም። ዓይንህ ይምጣ ይሂድ፣ የእግዚአብሔርና የአንተ ጉዳይ ነው፤ እኔም አብሬህ እለምነዋለሁ። የቀረውን ሁሉ፣ ስትፈራም፣ ስትወድቅም፣ እግዚአብሔርን ስትጣላም ንገረኝ። እኔም ስጠረጥርህ እጠይቅሃለሁ እንጂ በቀጭን ብዕር አልገልህም።”

“አልደብቅሽም” አለ። ጣቱን እንደገና ነጠብጣቦቹ ላይ አስኬደ። “በምን ጻፍሽው? በመርፌ ነው?”

“ስሜን ረሳኸው እንዴ?”

ያን ጊዜ ትከሻዋን አሻግሮ አያት፤ እሷም ዓይኗን ከዓይኑ ፍለጋ አነሳችና ፊቷን እሱ ወደሚያይበት ዳር ጠጋ አደረገችለት። እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ተገናኙ። ልቧ እንዲህ ሰፍቶላት አያውቅም ነበር።

ከዚያ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከፎቶዋ ጋር ከተተው። ስንት ጊዜ እንዳጠፈው አልቆጠረችም።